ቢጫዋን መብራት ያነበበልኝ ጋራዥ

ጎንደር ውስጥ መኪና የሚፈታ ሰው ማግኘት አይከብድም። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ክሪክ ያልቆመበት፣ ካርቶን ያልተነጠፈበት፣ ከመኪና ሥር ሁለት እግር ያልወጣበት መንገድ ጥቂት ነው። የሚከብደው፣ ዳሽቦርድ ላይ የበራችን መብራት አይቶ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጋራዥ ያገኘሁት ብዙ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው። የአየር ሰስፔንሽን (አካሉን በጎማዎቹ ላይ ተሸክሞ የመንገዱን ምት የሚያለዝበው ክፍል) ያለው መኪና ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመላለስ ሌላ ሰው ያንኑ ገንዘብ እንዳያወጣ ብዬ ይህን አስተያየት እጽፋለሁ።

ሥራዬ ጎብኚ ማመላለስ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛውን ዘመኔን የነዳሁት ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ያለውን ላንድክሩዘር ነው። ያ መኪና ስለ ሰስፔንሽን የሚናገር መብራት የለውም። ባሌስትራ ሲሰበር ድምፁን ትሰማለህ፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ወርደህ ጎንበስ ስትል የተሰበረውን ላሜራ በዓይንህ ታየዋለህ። በጆሮና በዓይን የሚነገር እክል ነው፤ ለማንም መካኒክ ማስረዳት አያቅትም።

ከሦስት ዓመት በፊት ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በ2009 በዲስከቨሪ 4 የተተካው ሞዴል ነው፤ የእኔው ባለ 2.7 ሊትር ናፍጣ ነው። በአራቱም ማዕዘን ሞላ የለውም። በሞላው ፋንታ በአየር የተነፉ አራት የጎማ ከረጢቶች አሉ። ኮምፕሬሰር አየሩን ይጨምቃል፣ በርሜል ያጠራቅመዋል፣ ቫልቮች ያከፋፍሉታል፤ በየጎማው አጠገብ ያለ ሴንሰር ደግሞ አካሉ ከጎማው ምን ያህል ከፍ እንዳለ እየለካ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። አሽከርካሪው በአንድ ማብሪያ ሦስት ከፍታ ይመርጣል፦ መደበኛው፣ ለአስቸጋሪ መንገድ ከመደበኛው 55 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚለው፣ ለመውጣትና ለመግባት 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚለው። ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌ እንግዶች ሲመጡልኝ መኪናው ዝቅ ብሎ ሲቀበላቸው ደስ ይለኛል። ሲነሳ መጀመሪያ ከኋላ ይነሳል፤ ሲወርድ መጀመሪያ ከፊት ይወርዳል፤ በማታ የፊት መብራቱ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ ታስቦ ነው። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራን ነገር አለማድነቅ አልችልም።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ሁሉ ነገር በአንዲት ትንሽ መብራትና በሁለት መስመር ጽሑፍ ሲናገር ነው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ከአዲስ አበባ የመጡ አባትና ሁለት ልጆችን ይዤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ በሚባለው ካምፕ አድሬ ነበር። ክረምቱ መንገዱን አጥቦት፣ በኮረኮንቹ መካከል ውኃ የቋጠረ ጭቃ ነበረ። ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ አይተን ወደ ሌላው ካምፕ ወደ ሳንቃበር ስንመለስ፣ አንድ ጎድጓዳ ላይ የኋላው ግራ ጎማ ወረደና ወጣ። ብዙም ያልከበደ ምት ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ደወል ጮኸ፤ ቢጫ መብራት በራች፤ በፍጥነት መለኪያውና በሞተር ዙር መለኪያው መካከል ባለው ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ሰስፔንሽኑ እክል አለበት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ ይላል። ቀጥሎ ሌላ መጣ፦ መደበኛ ከፍታ ብቻ። ለአስቸጋሪው መንገድ ከፍ አድርጌው የነበረው መኪና ከእግራችን ሥር ቀስ እያለ ሲወርድ ተሰማን። ትንሿ ልጅ «እየሰመጥን ነው?» አለች። አባቷ ዝም ብሎ ፊቴን አየ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም ነበር፤ ያ ዝምታ እስካሁን ይከነክነኛል።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። በ50 እየነዳሁ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ኮሶዬን አለፍኩ። ሌላ ጊዜ ኮሶዬ ላይ ቆሜ ገደሉን ሳላሳይ አላልፍም፤ የዚያን ቀን አልቆምኩም።

በማግስቱ መኪናዬን ያስገባሁበት የመጀመሪያው ጋራዥ (ስሙን አልጠቅስም) ኮምፒውተሩ የመዘገበውን እክል የሚያነብ ማሽን ሰክቶ አነበበና «ግፊት ለመሙላት ብዙ ጊዜ ወስዷል ይላል፤ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል» አለኝ። ኮምፕሬሰር ከአዲስ አበባ ተፈልጎ መጣ፤ ያገለገለ ነው፤ ዋጋው የአንድ ወር ገቢዬን ጨረሰው። ተገጠመ፤ የተመዘገበው እክል ከኮምፒውተሩ ተሰረዘ፤ መብራቷ ጠፋች። ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ነዳሁ፤ ሰላም ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ጎርጎራ ስወርድ፣ ከአስፋልቱ እንደወጣሁ ያው ደወል፣ ያው ቢጫ፣ ያው ጽሑፍ። አሮጌውን ኮምፕሬሰር ግን መልሱልኝ ብዬ ይዤው ነበር። ይህን ልማድ ያወረሱኝ አባቴ ናቸው፦ የተፈታ ዕቃ የባለቤቱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጋራዥ የላከኝ አንድ የላንድክሩዘር ሾፌር ነው። ጋራዡ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ በር ያለው፣ በግቢው መካከል ትልቅ ዋንዛ የቆመበት ነው። ምልክት የለውም። የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ብቻ በመሆናቸው ወረፋውን አንችለውም ብሎ ባለቤቱ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ሰውየው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሞላና ባሌስትራ ሲያስር የኖረ መካኒክ ነው። ኤሌክትሪኩንና ኮምፒውተሩን የያዘችው ግን የእህቱ ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል።

ገብቼ «መብራቷ ቢጫ ናት፤ አስነብቡልኝ» አልኩ። እሷ ማሽኑን አላነሳችም። ደብተር ይዛ መጣችና ጥያቄ ጀመረች። «ጋሼ፣ መብራቷ የበራችው ሞተር እንዳስነሱ ነው ወይስ ሲሄዱ ቆይተው? ቢጫ ብቻ ነበረች ወይስ ቀይ ሆና ታውቃለች? ከእሷ ጋር ሌላ የበራ መብራት ነበር? መኪናው በዚያን ጊዜ በየትኛው ከፍታ ላይ ነበር? ከመብራቷ በፊት ምን መታ?» የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ያ የሳንቃበር ጎድጓዳ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ ስለ ጎድጓዳው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በደንብ ስለተከታተልኩ ልንገራችሁ። ማሽኑን ሰካችና የተመዘገቡትን እክሎች አይታ ጻፈች፤ ግን አልሰረዘቻቸውም። ቀጥላ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ በቀጥታ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። አራት ቁጥሮች ይታያሉ። አጎቷን ጠርታ የፊቱን ቀኝ ማዕዘን በሁለት እጁ እንዲጫን አደረገች፤ ቁጥሩ ወረደ፣ ሲለቀው ተመለሰ። የፊቱ ግራ እንዲሁ። የኋላው ቀኝ እንዲሁ። በኋላው ግራ በኩል ግን እኔም አጎቷም አብረን ተቀመጥንበት፤ መኪናው ከሥራችን ወረደ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። «አዩት ጋሼ? ማዕዘኑ ወርዷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልሰማም» አለችኝ። ባትሪ መብራት ይዛ ከሥር ገባች። ስትወጣ መዳፏ ላይ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር፣ አጭር፣ በሁለት ጫፉ ኳስ የሚይዝ ጎድጓዳ ያለው ዘንግ ይዛ ነበር። አንዱ ጎድጓዳ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ጭቃና የተፈተለ ሣር ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያ ዘንግ ሴንሰሩን ከጎማው ክንድ ጋር ያገናኛል። ጎድጓዳው ስለተሰነጠቀ ኳሱ መንገድ ሲከፋ ይወጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ይገባል። ኳሱ ሲወጣ ኮምፒውተሩ አየር ይሞላል፤ ሴንሰሩ ግን ምንም አልተነሳም ይላል። ኮምፒውተሩም አንድ ማዕዘኑን ማመን ስላቃተው አሽከርካሪውን ያስጠነቅቃል፣ ፍጥነት ይገድባል፣ ወደ መደበኛ ከፍታ ያወርዳል። ግፊት ለመሙላት ብዙ ጊዜ ወሰደ የተባለውም እውነት ነው፤ ማሽኑ አልዋሸም። ግን ጨነቅ ላይ ነበርን። እዚያ 3,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሲሦ ያህል ያነሰ ነው። ሰው እንደሚያለከልክ ሁሉ ኮምፕሬሰርም ያንኑ በርሜል ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይለፋል፤ ይግላልም። አሮጌውን ኮምፕሬሰሬን ከመኪናው ጀርባ አወጣሁና ከባትሪ ጋር አገናኘችው። ፊታችን ላይ አየር ነፋብን። ጤነኛ ነበር።

አዲስ ዘንግ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅሁ። ሲመጣ ገጠመችና በሜትር ከየጎማው መሐል እስከ ላይኛው የጭቃ መከላከያ ጠርዝ አራቱንም ለካች፤ ኮምፒውተሩ የሚያስበው ከፍታና ሜትሩ የሚለው እንዲስማሙ አደረገች። እክሉን የሰረዘችው በመጨረሻ፣ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ከሰረዝኩት የነገረንን ረሳነው ማለት ነው» አለች። ለንባቡ 1,200 ብር፣ ለሥራው 2,500 ብር ከፈልኩ። የዘንጉ ዋጋ ለኮምፕሬሰሩ ካወጣሁት ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

በዚህ ጋራዥ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ጥገናው አይደለም፤ አንዲት ወረቀት ናት። በሁለት በኩል የተጻፈባት፣ በላስቲክ የተለበጠች፣ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የምትሰካ ወረቀት ናት። ልጅቷ በገዛ እጇ በአማርኛ አዘጋጅታ ለእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት ሁሉ ትሰጣለች፤ ገንዘብ አትቀበልባትም። ከላይ በትልቁ እንዲህ ተጽፏል፦ «መብራቷ የምትነግርዎት ምን እንደተሰበረ ሳይሆን እንዴት እንደሚነዱ ነው።» ይህን ሳነብ ለሁለት ሳምንት የተበላሸው ሥራዬ ከየት እንደጀመረ ገባኝ። እኔም የመጀመሪያው ጋራዥም መብራቷን እንደ ሐኪም ቃል ተቀብለን ዕቃ ገዛን። መብራቷ የሰጠችን ግን የመንገድ ትእዛዝ ብቻ ነበር።

ከወረቀቷ ላይ ጥቂቱን ላካፍላችሁ። ቢጫ ከሆነች እክል ተገኝቷል፤ በተገደበው ፍጥነት በጥንቃቄ ትነዳላችሁ። ቀይ ከሆነች እክሉ ከባድ ነው፤ አመቺ ቦታ ፈልጋችሁ መቆምና ወርዶ ማየት ነው። አካሉ ጎማው ላይ ተቀምጦ እንደሆነ፣ አንዱ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ወርዶ እንደሆነ ሳታዩ አትቀጥሉም። የ50 ኪሎ ሜትሩ ገደብ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም። ኮምፒውተሩ የመኪናው አካል በየትኛው ከፍታ እንዳለ በእርግጠኝነት ሳያውቅ ኩርባ ላይ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ አካሉ በላስቲክ ማቆሚያው ላይ አርፎ ሊሆንም ይችላል። ሊማሊሞን በእንዲህ ያለ መኪና በ70 የሚወርድ ሰው ቤተሰቡን ያስባል ብዬ አላምንም።

እክል ያልሆኑትም አሉ፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከፍታ በምንመርጥበት ማብሪያ አጠገብ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ መኪናው ወደዚያ ከፍታ በመጓዝ ላይ ነው፤ ሲደርስ ሳያቋርጡ ይበራሉ። እየተነሳ ሳለ በር ከተከፈተ ባለበት ይቆማል። እንግዶች ፎቶ ለማንሳት በር ከፍተው ሲወርዱ ስንት ጊዜ ተበላሸ ብዬ እንደደነገጥኩ! በተደጋጋሚ ከፍ ዝቅ ካደረጋችሁት «ሲስተሙ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ስለጋለ ራሱን አሳርፏል ማለት ነው። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። በከፍተኛው ከፍታ ላይ እንዳላችሁ ፍጥነት ስትጨምሩ ራሱ ወደ መደበኛው ይወርዳል፤ ይህም ጤና ነው። ሆዱ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ደግሞ መኪናው ጎማዎቹ ሸክም እንደቀለላቸው ያውቅና ከተለመደው በላይ ለመነሳት ይሞክራል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ጽሑፍ አይዞህ እየሞከርኩ ነው የሚል ያህል ነው። ወረቀቷ ላይ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም፤ እኔ ግን እንዲያ ነው የማነበው።

ለላንድክሩዘር 100 ሾፌሮች የተዘጋጀች ሌላ ወረቀትም አይቻለሁ። የዚያ መኪና ከፍታ መቆጣጠሪያ ያለው ዓይነት በአየር ሳይሆን በዘይትና በናይትሮጅን ጋዝ ኳሶች ይሠራል፤ ከፍ፣ መደበኛ፣ ዝቅ የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። እዚያ ማየት ያለባችሁ «ኦፍ» የምትለዋን መብራት ነው። ሳታቋርጥ ከበራች አንድ ሰው ማብሪያውን ተጭኖ ሥርዓቱን አጥፍቶታል፤ ብልጭ ድርግም ካለች ግን እክል ተመዝግቧል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ማብሪያ ነክተው ወደ ጋራዥ የሮጡ ጓደኞች አሉኝ።

በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ መኪናዬ እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ ጨነቅ አልነበርኩም፤ ከቤቴ ግቢ መውጣቴ ነበር። ሰስፔንሽኑ እክል አለበት አለ፤ ቀጥሎ የቁልቁለት መቆጣጠሪያው አይሠራም አለ፤ ቀጥሎ ልዩ የመንገድ ፕሮግራሞች ጠፍተዋል አለ። ሦስት ክፉ ዜና በአንድ ደቂቃ። ከወረቀቷ ጀርባ ግን እንዲህ ተጽፏል፦ «ብዙ መብራቶች በአንድ ጊዜ ከበሩ ሁሉም አብረው አልተሰበሩም፤ የሚጋሩትን ይፈልጉ።» ከሥሩ ሁለት ነገር ተጠቅሷል፦ የደከመ ባትሪና የፍሬን መብራት ማብሪያ። ባትሪዬ ቢሆን ኖሮ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ያቃስት ነበር፤ አላቃሰተም። ወደ ጋራዡ በቀስታ ሄድኩ።

ልጅቷ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ገብታ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ማብሪያ አወጣች። ይህች ማብሪያ አሽከርካሪው ፍሬን መርገጡን ለኮምፒውተሮቹ የምትናገር ናት። ውስጧ ሁለት መገናኛ አላት፤ አንዱ ደክሞ ሌላው ሲሠራ ከኋላ የፍሬን መብራቱ ይበራል፤ ስለዚህ ከውጭ የቆመ ሰው ደህና ነው ይላል። ኮምፒውተሮቹ ግን ሁለት የተለያየ ወሬ ስለሚሰሙ አንድ በአንድ ሥራ ያቆማሉ፤ ሰስፔንሽኑም አብሮ ያኮርፋል። ማብሪያዋ ተለወጠች፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሦስቱም መልእክቶች ጠፉ። በመጀመሪያው መንገዴ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ገዝቼ ነበር።

የማይመቸኝንም ልጻፍ። ጋራዡ ጥላ የለውም፤ ክረምት ላይ ሥራው ዝናቡ እስኪያባራ ይቆማል። ስልክ አያነሱም፤ በአካል ሄዶ ቀጠሮ መያዝ ግድ ነው። ማሽኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ከእናንተ በፊት መኪና ካለ ግማሽ ቀን ትጠብቃላችሁ። በወር በ12 ለሚካኤልና በ21 ለማርያም ይዘጋሉ፤ እሑድም እንደዚያው። መለዋወጫ አያስቀምጡም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ በቅንነት ይነግሯችኋል፣ ግን ማሳጠር አይችሉም። ጎብኚ ይዞ ለሚሠራ ሰው አራት ቀን ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ልጅቷ እንደመጣችሁ ስለማትነካው፣ ችኩል ሰው ጊዜውን የምትፈጅበት ይመስለዋል። አንድ ደንበኛ ከፊቴ ተናድዶ ሲወጣ አይቻለሁ፤ «ለጥያቄ ሳይሆን ለጥገና ነው የመጣሁት» አለ። እሷ ደብተሯን ዘግታ ወደ ሌላ መኪና ሄደች። ልከተለውና ላስረዳው ፈልጌ ነበር።

ስትሄዱ መልእክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሞተር ሲጠፋ ጽሑፉ ይጠፋልና። ሰዓቱን፣ የነበራችሁበትን ቦታና ከፍታውን ጻፉ። ሌላ ጋራዥ ማሽን ሰክቶ ከነበረ ያነበበውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰርዞት ከሆነም ሳትደብቁ ንገሯት።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ይዘናል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ስነሳ መኪናው ሙሉ በሙሉ ዝቅ ብሎ ነው የማገኘው፤ ሳስነሳው ግን ይነሳል፤ መብራትም አይበራም። አራቱም ከረጢቶች በአንድ ሌሊት እንዴት ሊተነፍሱ ይችላሉ ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ ገረመኝ። መኪናው ቆሞም አይተኛም፤ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየስድስት ሰዓቱ እየነቃ ከፍታውን ይለካል። አንዱ ማዕዘን ዝቅ ብሎ ካገኘው ሌሎቹን ከእሱ ጋር ለማስተካከል አየር ያስወጣል። ስለዚህ አንዱ ያፈስሳል፤ ሦስቱ ለእሱ ሲሉ ይወርዳሉ፤ አፍሳሹ በመካከላቸው ተደብቆ ያድራል። የሳሙና ውኃ ሞክረን ነበር፤ አረፋ አላየንም፤ በጣም ቀጭን ፍሳሽ ሳይሆን አይቀርም።

ማድረግ ያለብኝን ትናንት አሳየችኝ። ዛሬ ማታ መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሜ፣ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ በሜትር ለክቼ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ነቀልኩ፤ ኮምፒውተሩ ሌሊት እንዳይነቃና እንዳያስተካክል ነው። ፊውዙን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምጽፈው። ነገ ንጋት ላይ ሜትሩን ይዤ እወጣለሁ፤ ዝቅ ብሎ የማገኘው ማዕዘን የትኛው እንደሆነ ለልጅቷ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እነግራታለሁ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ።